አባ ስማቸው ሁለት ጊዜ ተፈተኑ

እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ቤት በሚባለው ሰፈር ያለው የእኛ ሕንፃ አሳንሰር የለውም። አባ ስማቸው የሚኖሩት ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከበራችን ፊት ለፊት ነበር። በወገራ ሳሉ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ የሚያሠሯቸው ገበሬዎች ቀን ከወናፋቸው ዳር ተቀምጠው ሲጫወቱ ይውሉና ማታ ልጆቻቸውን ከእሳቸው ዓይን ይሸሽጉ ነበር፤ ቡዳ ነው ይሏቸዋል። የተሠራውን ማጭድ ሊያደርሱ ሲሄዱ ደጅ ያቆሟቸዋል እንጂ ግቡ የሚላቸው አልነበረም። እንግዲህ ሰውየው በዚያ አገር የተማሩት ነገር ቢኖር በሰው ፊት ቀጥ ብሎ መቆምን ነው። ልብሳቸው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። የእንግዳ ድምፅ ከሰሙ ተቀምጠው አይጠብቁም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ቢመጣ ይነሣሉ።

ወደ እስራኤል ሲገቡ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ነበር የቀራቸው። ወዲያው ሥራ ፍለጋ ወጥተው በኢንዱስትሪው ሰፈር አንድ የብረት ሥራ ቤት ተቀጠሩ። መዶሻ ግን አላስያዟቸውም፤ መጥረጊያ ሰጧቸው። ሌላው የቆረጠውን የብረት ብናኝ እየጠረጉ ለጡረታ በቁ። የሚሰናበቱ ዕለት አለቃቸው ትከሻቸውን ቸብ አድርጎ «አንተን የምወድህ ድምፅህ ስለማይሰማ ነው» አላቸው። ይህን ሲያወሩልን ይስቁ ነበር። እኛ ግን ምን ብለን እንደምንስቅ ግራ ይገባን ነበር።

ባለቤታቸው ሐረጊቱ ቀድመው አረፉ። የቀሩላቸው ሁለት ልጆች ናቸው። ጋድ ሮቫ ሄ በሚባለው ሌላ ሰፈር ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ያፋ ከባሏ ከተለያየች ወዲህ አባቷ ጋር ተመልሳ ገብታለች። የምትሠራው ሽማግሌዎቻችንና አሮጊቶቻችን በሚውሉበት ሞዓዶን፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

የኢንሹራንሱ ነገር የተጀመረው እዚያው ሞዓዶን ነው። እማማ ደቦራ የሚባሉ ባልቴት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና አልጋ ላይ ቀሩ። ሆስፒታል የገቡትም፣ የታከሙትም፣ መድኃኒት ያገኙትም በደንብ ነው፤ እሱን የጤና ድርጅቱ፣ ቁፓ የምንለው፣ ለሁሉም ይሰጣል። ከሆስፒታል ሲወጡ ግን የሚያጥባቸውና የሚያነሣቸው ሰው አልነበረም። ከእሳቸው በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ የሌላ አገር አሮጊት ግን ቀን ከሌት የምትጠብቃቸው አስታማሚ ነበረቻቸው። ያፋ ይህን አየችና ጠየቀች። አሮጊቷ በቁፓው በኩል «ሲዑዲ» የሚባል ተጨማሪ ኢንሹራንስ ኖሯቸዋል፤ ሰው ራሱን መርዳት ሲያቅተው አስታማሚ የሚከፍልለት ማለት ነው። የሚገባበት ግን ገና ጤነኛ ሳሉ ነው።

ያፋ ቁፓው ቢሮ ሄዳ «የእኛ ሽማግሌዎች ለምን የላቸውም?» ብላ ጠየቀች።

ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «ማን ከለከላቸው?» አለቻት። «ኢንተርኔት ላይ ተጽፏል።»

«ማንበብ የማይችል ሰውስ?»

«ልጅ የለውም?»

ያፋ ከዚያ ቢሮ ተጣልታ ወጣች፤ ደግሞም ተመለሰች። ስትመላለስ ከርማ በመጨረሻ አማርኛ የሚችል ሰው ወደ ሞዓዶኑ ላኩላት። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ አልወደዱትም። «ጤነኛ ሆኜ ለበሽታዬ ልክፈል? በሽታን መጥራት አይሆንም ወይ?» ያሉ ነበሩ። ቀድመው ተነሥተው «እኔን ጻፈኝ» ያሉት አባ ስማቸው ናቸው። ልጄ የለፋችበትን ነገር ሰው ፊት እንዳላዋርድባት ብለው ነው እንጂ ያመማቸው ነገር አልነበረም። እሳቸው ሲገቡ ሌሎቹም ተከተሉ። ያን ሰሞን ያፋ ደረጃውን ስትወጣ እንኳ ትዘፍን ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአባ ስማቸው እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው አለ። በሽታው ከእጅ ወደ እግር ወረደ። መጀመሪያ የሸሚዛቸው ቁልፍ አስቸገራቸው፣ ቀጥሎ ማንኪያ፣ ከዚያ ከወንበር መነሣት። አንድ ቅዳሜ ከምኩራብ ሲመለሱ ደረጃው ላይ ሽንታቸው አመለጣቸው። ሁለተኛው ፎቅ የሚኖሩ ልጆች አይተው እየሳቁ ሮጡ። ከዚያ ወዲያ ምኩራብ አልሄዱም። ለሚጠይቃቸው ሁሉ «ጉልበቴን አሞኝ ነው» ይሉ ነበር።

ሴት ልጅ አባቷን ራቁቱን ልታጥብ? በእኛ ዘንድ የሚታሰብ አይደለም። አባ ስማቸው ያፋ መታጠቢያ ቤቱ በር ጋ ስትቆም እንኳ «ሂጂ ከዚያ» ይላሉ። ስለዚህ የሚያጥባቸው ጋድ ነበር። መጀመሪያ በየሁለት ቀኑ ይመጣል። ኋላ ዓርብ ዓርብ ብቻ ሆነ። ከዚያም ዓርብን እየዘለለ መጣ። በራቸው ሲከፈት ሽታው እኛ ቤት ድረስ ይገባ ጀመር። ያፋ ያን ጊዜ ኢንሹራንሱን ጠየቀች።

መልሳቸው «መርማሪ እንልካለን» የሚል ነበር። መርማሪዋ ሽማግሌው ራሱን ችሎ መነሣት፣ መልበስ፣ መታጠብ፣ መብላት፣ መንቀሳቀስና ሽንቱን መቆጣጠር ይችል እንደሆን አይታ ትሄዳለች። ከእነዚህ ግማሹን ካልቻለ አስታማሚ ይፈቀድለታል።

መርማሪዋ በምትመጣበት ጠዋት አባ ስማቸው ከንጋት ጀምረው ለበሱ። ያፋ ከመኝታ ቤታቸው በር ውጭ ሆና ትሰማቸዋለች፤ ቁልፉ ከጣታቸው ሲያመልጥ፣ ሲያቃስቱ፣ እንደገና ሲጀምሩ።

«ላግዝዎ አባ?»

«ተይኝ።»

ሲወጡ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ነበር። ያፋ ደነገጠች። «አባ፣ ሴትዮዋ የምትመጣው ድካምዎን ልታይ ነው» አለቻቸው።

«እንግዳ አይደለችም ወይ?» አሉ።

መርማሪዋ ዘሃቫ የምትባል፣ ደረጃው ያደከማት ነርስ ነበረች። ስትገባ አባ ስማቸው በሁለት እጃቸው ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። ቀጥ አሉ። በዕብራይስጥ እንኳን ደህና መጣሽ አሏት። ዘሃቫ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ብቻቸውን ይነሣሉ» አለችና ታብሌቷን ነካ አደረገች።

ያፋ ልታስተረጉም ስትል ዘሃቫ እጇን አነሣች። «ቤተሰብ አያስተረጉምም። ደንብ ነው።» ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አማርኛ የምትናገር የወጣት ሴት ድምፅ ወጣ።

«እንደምን አደሩ አባቴ? ብቻዎን ይታጠባሉ?»

«ከማን ጋር ልታጠብ ኖሯል?»

ልጅቱ ሳቀች። ለዘሃቫም «ብቻቸውን ይታጠባሉ» ብላ ነገረቻት።

«በእጅዎ ይበላሉ?»

«ታዲያ በምን ልብላ?»

ያፋ «አባ!» አለች። ዘሃቫ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘቻት።

ከዚያ «ሽንትዎ ያመልጥዎታል ወይ?» የሚለው መጣ። ጥያቄው በዕብራይስጥ ቢሆን አባ ስማቸው እንዳልሰሙ ሆነው ሊያልፉት ይችሉ ነበር፤ በዕብራይስጥ እንዲህ ብዙ ነገር አልፈዋል። ይህ ግን በእናታቸው ቋንቋ፣ በልጅ ድምፅ፣ ሴት ልጃቸውና አንዲት የማያውቋት እንግዳ ሴት እየሰሙ ነው የተጠየቁት። ስልኩን አፍጥጠው አዩት።

«ልጄ፣ አባት አለሽ?» አሉ።

«አለኝ፣ አባቴ።»

«እሱን ጠይቂው። እኔ አያመልጠኝም።»

ዘሃቫ ስትነሣ አባ ስማቸውም እንደገና ተነሡ። ነርሷ ፈገግ አለችላቸው። ለያፋም «በዚህ ዕድሜ እንዲህ ሆነው ሲታዩ ደስ ይላል፤ ዕድለኛ ነሽ» ብላት ሄደች። አባ ስማቸው የነርሷ እግር ኮቴ ከደረጃው እስኪጠፋ ድረስ ቆመው ቆዩ። ከዚያ ወደቁ። ያፋ ስትጮህ ሮጬ የገባሁት እኔ ነኝ። ሁለታችን ነን ከወለሉ ያነሣናቸው። ነጩ ሸሚዝ ከታች ጀምሮ እስከ ወገባቸው በሽንት ረጥቦ ነበር።

መልሱ በስልክ መጣ፤ ሰውየው ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፣ አይገባቸውም ተባለ።

ጋድ ይህን ሲሰማ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። ሳይቀመጥ ነው የጀመረው።

«አባ፣ አንድ ጠዋት! አንድ ጠዋት እንደ በሽተኛ ቢሆኑ ምን ይጎድልብዎ ነበር?»

«እኔ በሽተኛ አይደለሁም።»

«ነዎት እንጂ!» ብሎ ጮኸ። «ታዲያ እኔ የማጥበው ማንን ነው? እዚህ ደርሼ ስመለስ ሚስቴ ልብስህን በረንዳ ላይ አውልቀህ ግባ ትለኛለች። ያውቃሉ ይህን?»

አባ ስማቸው አያውቁም ነበር። ከዚያ «እንግዲያስ አትምጣ» አሉት።

ጋድ የተናገረው ነገር እንደጸጸተው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር ትላለች ያፋ። ግን ይቅርታ አልጠየቀም። አልመጣምም።

በዚያው ሰሞን ምናለ የሚባሉት የወንዝ ልጅ ጓደኛቸው ሊጠይቋቸው መጡ። ምናለ ፈተናውን አልፈው አስታማሚ ተፈቅዶላቸዋል። ለዚህም ምክር ሊሰጡ ነው የመጡት።

«እኔ መርማሪዋ ስትመጣ አለቀስኩላት» አሉ።

«አለቀስክ?» አሉ አባ ስማቸው።

«አለቀስኩ እንጂ። እኔ የማለቅሰው ወደዚህ ስንመጣ በሱዳን በረሃ ለቀበርኳት እናቴ ነው፤ እሷ ግን ለጉልበቴ መሰላት።» ምናለ ሳቁ። «ተው አንተ ስማቸው። እነዚህ ሰዎች የሚሰጡት ለወደቀ ነው። ውደቅላቸው።»

አባ ስማቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምናለ ጥቂት ጠብቀው በትራቸውን ይዘው ወጡ።

ያፋ ከኢንሹራንሱ ጋር ተከራክራ ሁለተኛ ምርመራ አስፈቀደች። የዚያን ጊዜ እሷም ጨርሳ ደክማ ነበር። ሌሊት አልጋቸውን ትለውጣለች፤ ቀን ለሌላ ሰው አባቶች ምሳ ታቀርባለች። ገላቸው ግን ከታጠበ ሰንብቷል፤ ጀርባቸው ላይ ቁስል ወጥቷል፤ ቁስሉን እንኳ አያሳዩአትም። ሐኪሙ ቁስሉ ካልጸዳ ደማቸው ይመረዛል ብሏታል። እኔ ቤት መጥታ ወንበር ላይ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፤

«እሳቸው ክብራቸውን ይዘው ሊሞቱ ነው። እኔ ግን በሕይወት ነው የምፈልጋቸው።»

ያን ጊዜ ያሰበችውን አልነገረችኝም። ኋላ ነው የነገረችኝ።

ሁለተኛው መርማሪ የሚመጣበትን ቀን ለአባቷ አልነገረቻቸውም። ዋዜማውን ንጹሕ ልብሳቸውን ሁሉ ሰብስባ ክፍሏ ውስጥ ቆለፈችበት። ጠዋት ሲነሡ የሚደገፏት አንዲት የእንጨት ወንበር ነበረች፤ ሁልጊዜ ራስጌያቸው ነው የምትቀመጠው። ያፋ ሲተኙ ጠብቃ ወንበሯን አወጣቻት።

ጠዋት ከአልጋቸው ሆነው ተጣሩ።

«ያፋ! ወንበሯን የት አደረግሻት?»

ያፋ ወጥ ቤት ቆማ ነበር። አልመለሰችም።

«ያፋ! ረጥቤያለሁ። ልብስ አምጪልኝና ውጪ።»

እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች። ደጋግመው ጠሯት። መጀመሪያ ተቆጡ፤ ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። የመጨረሻው ጥሪ፣ ትላለች፣ የልጅ ድምፅ ይመስል ነበር።

በሩ ተንኳኳ። መርማሪው ሻሌቭ የሚባል ወጣት ነበር፤ ሰው አክባሪ፣ ለስለስ ያለ። ያፋ በቀጥታ ወደ መኝታ ቤቱ ወሰደችውና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሽታው ቀድሞ ወጣ። ሻሌቭ ለቅጽበት ቆም አለ፤ ከዚያ ገባ።

አባ ስማቸው ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡት።

«በሩን ዝጊው! ማን ነው?»

«ሊያይዎ የመጣ ሰው ነው፣ አባ።»

«ልብሴን! ያፋ፣ ልብሴን!»

ያፋ ንቅንቅ አላለችም። ሻሌቭ ስልኩን ከፈተ፤ አሁን አስተርጓሚው ወንድ ነበር። «አባቴ፣ ብርድ ልብሱን ላንሣው ይፈቅዳሉ? ብሏል» አለ። አባ ስማቸው አልመለሱም። ሻሌቭ ጠብቆ ቀስ ብሎ ገለጠው። ያፋ ፊቷን ልታዞር ፈለገች፤ ግን አላዞረችም። እሳቸውን ለዚህ አጋልጬ እኔ ዓይኔን ብሸሽግ ምን ዓይነት ሰው እሆናለሁ ብዬ ነው፣ አለችኝ።

እጅዎን ወደ ላይ ያንሡ ተባሉ፤ እጃቸው ከደረታቸው አላለፈም። ሸሚዝ ይልበሱ ተባሉ፤ እጅጌውን ማግኘት አልቻሉም። ይነሡ ተባሉ። ይህን ሲሰሙ ጥርሳቸውን ነክሰው የአልጋውን ጠርዝ ያዙ፤ እንግዳው ፊት ሊቆሙ ፈለጉ። ግማሽ ድረስ ተነሡ። እግራቸው ከዳቸው። ሻሌቭ ሮጦ በደረቱ ተቀበላቸው፤ እርጥብ ገላቸውን አቅፎ ይዞ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ይላቸው ነበር። ያፋ የዘሃቫ ጥድፊያ ይሻል ነበር ትላለች። የዚህ ልጅ ደግነት ነው አባቴን የሰበራቸው ትላለች።

ከዚያ በኋላ ለተጠየቁት ሁሉ እውነቱን መለሱ። መታጠብ አይችሉም? አልችልም። ብቻዎን መብላት? አልችልም። ሽንትዎ ያመልጥዎታል? ያመልጠኛል። ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም።

ሻሌቭ ሲሄድ ያፋ ልብሱን አምጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠች።

«አውቀሽ ነው?» አሏት።

«አዎ፣ አባ።»

«ወንበሯንም?»

«ወንበሯንም።»

ያፋ ተቀምጣ ብዙ አወራቻቸው፤ ስለ ቁስሉ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ጋድ። አለቀሰችም። እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ።

ኢንሹራንሱ ፈቀደ። ከህንድ የመጣ አንድ ዝምተኛ ሰው አስታማሚ ሆኖ ገባ። በየቀኑ ያጥባቸዋል፣ ይላጫቸዋል፣ ይመግባቸዋል። ቁስላቸው ዳነ። መልካቸው ተመለሰ። ቤቱ ሳሙና ሳሙና ይሸት ጀመር። ጋድም ይቅርታ ጠይቆ ከልጆቹ ጋር መምጣት ጀመረ። ሐኪሙ ለያፋ «ሕይወታቸውን አትርፈሻል» አላት፤ እውነቱን ነው።

ነገር ግን አስታማሚው በገባ በሳምንቱ ገደማ ያፋ ሾርባ ይዛ ወደ ክፍላቸው ስትገባ አባ ስማቸው «ይግቡ» አሏት።

ያፋ ከኋላዋ ሌላ ሰው የመጣ መስሏት ዞር ብላ አየች። ማንም የለም።

«እዚያ ያስቀምጡት» አሏት ሾርባውን።

በሽታው ወደ አእምሯቸው ወጥቶ ይሆናል ብላ ሐኪም ጠራች። ሐኪሙ ቀኑን፣ ወሩን፣ የልጆቻቸውን ስም ጠየቃቸው። አንዱንም አልሳቱም። ጋድን አንተ ይሉታል። እኔን አንቺ ይሉኛል። የሁለተኛው ፎቅ ልጆች፣ እነዚያ ደረጃው ላይ የሳቁባቸው፣ ሲመጡ አንተ አንቺ እያሉ ይመርቋቸዋል። ያፋን ብቻ ነው እርስዎ የሚሉት፤ እንደ ዳኛ፣ እንደ ቢሮ ሰው።

አንድ ቀን ተንበርክካ እግራቸውን ይዛ ለመነቻቸው። እኔ እዚያው ነበርኩ።

«አባ፣ እባክዎ፣ አንቺ ይበሉኝ። ይስደቡኝ። አንቺ ብቻ ይበሉኝ።»

«ይነሡ» አሏት። «ባለ ሥልጣን እንዴት አንቺ ይባላል?»

በዚያው ዓመት ቁፓው ያፋን ሮቫ አሌፍ ባለ አዳራሽ ጠርቶ አመሰገናት። በእሷ ልፋት ብዙ ሽማግሌዎች ሲዑዲ ውስጥ ገብተዋል፤ በየከተማው እንዲህ ያለ ሰው ቢገኝ ተባለ፤ አበባ ተሰጣት። አበባውን ይዛ ቤት ገባች። አባ ስማቸው አይተው «እንኳን ደስ አለዎ» አሏት። ከልባቸው ይሁን ለማሽሟጠጥ እስከ ዛሬ አላወቀችም።

ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ኖሩ። በክረምቱ ብርድ ሳንባቸውን መታቸውና ሆስፒታል ገቡ። በመጨረሻው ከሰዓት ያፋ ብቻዋን አጠገባቸው ነበረች፤ ጋድ መንገድ ላይ ነበር። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጎንበስ ብላ «አባ፣ እኔ ነኝ፣ ያፋ ነኝ» አለቻቸው። ዓይናቸውን ገለጡ። አወቋት፤ እንዳወቋት እርግጠኛ ናት።

«ውሃ ይስጡኝ» አሏት።

ጥጥ አርሳ ከንፈራቸውን አረጠበችላቸው።

«እግዜር ይስጥዎ» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም።